እንከን የሌላት ጊታር

«ከአሮጌ የአልጋ ራስጌ፣ በገዛ እጄ» ይላል ጽሑፉ።

ብሎን ደጋግማ አነበበችው። ስልኩ የወንድሟ ነው፤ ፊቱን ሊታጠብ ሲሄድ ሶፋው ላይ ጥሎት ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ጊታር ግን የሷ ናት። ጊታሯን ያቀፈው እጅ የሱ፣ ጊታሯ የሷ። ጥፍሩን አጉልታ አየችው። ንጹሕ ነው። ጊታር የሠራ ሰው ጥፍር እንዲህ ነጭ አይሆንም፤ የሷን ጥፍር ያየ ሰው ድንች ስትቆፍር የዋለች ነው የሚመስለው።

ከጽሑፉ ሥር አድናቂዎች ተሰልፈዋል። አንዱ «እጅህ ይባረክ» ይላል። ሌላው «አንተ ልጅ ቀውጢ ነህ» ይላል። አንዱ ደግሞ ፒክአፑን፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ድምፃቸውን የሚለቅመውን ጥቅል ሽቦ፣ በምን እንደጠቀለለው ጠይቆታል። ወንድሟ «የሙያ ሚስጥር ነው» ብሎ መልሶ፣ አንድ ዓይኑን የሚጠቅስ ቢጫ ፊት ጨምሮበታል።

የሙያ ሚስጥር! ሚስጥሩ የእናታቸው የስፌት መኪና ነው። የታችኛው ክር በሚጠቀለልባት ትንሽ መዘውር ላይ፣ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ እየጠመጠመች፣ ሲበጠስባት እየተሳደበች፣ እንደገና እየጀመረች የጨረሰችው ብሎን ናት። እሱ ያኔ የት ነበር? መስተዋት ፊት። እናታቸው «ቄንጤ» ብላ ስም ያወጣችለት ዝም ብላ አይደለም። ልጅቷንም ብሎን ያለቻት እሷው ናት፤ ልብሷን ባጠበች ቁጥር ከኪሷ ብሎን ስለምታገኝ።

ነገሩ የጀመረው በቅንነት ነበር። ብሎን ስልክ የላትም። የእናታቸው ሕግ «ከፈተናው በኋላ» የሚል ነው፤ አንዱ ፈተና ሲያልቅ ሕጉ ወደሚቀጥለው ፈተና ይዛወራል። ስለዚህ የጊታር ሠሪዎቹ ግሩፕ ውስጥ የገባችው በቄንጤ ስልክ፣ በቄንጤ ስም፣ ጥቁር መነጽር ባደረገው የቄንጤ ፎቶ ነው። ግሩፑ በየጓዳውና በየጋራዡ የኤሌክትሪክ ጊታር በእጁ የሚሠራ ሰው ሁሉ የተሰበሰበበት ነው። አንዱ የሠራውን ፎቶ አንስቶ ያሳያል፣ ሌላው ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ይመልሳል። መጀመሪያ ላይ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። «እህቴ ትጠይቃለች» እያለ ነበር የሚጀምረው። ቀስ በቀስ «እህቴ» ከጽሑፉ ወጣች። ከዚያ «እኛ» መጣ። ዛሬ ደግሞ «በገዛ እጄ» ሆነ።

ቄንጤ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሲመለስ ስልኩን አፍንጫው ላይ ደቀነችበት።

«ዓይንህን በስንት ኩንታል ጨው ነው የታጠብከው?» አለችው። «በገዛ እጄ? የትኛው እጅህ?»

ቄንጤ መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ እንዳልሠራለት ሲያይ ማስረዳት ጀመረ። ሴት ልጅ ሠራችው ቢባል ሰው «አባቷ ነው የሠራላት» ይላል፤ ስለዚህ ለሷው አስቦ ነው። ዋናው ጊታሯ መታወቋ ነው፤ በማን ስም ታወቀች የሚለውን ማን ይጠይቃል? ደግሞ ፎቶውን ያነሣው እሱ ነው፤ ብርሃኑንም ያስተካከለው እሱ። ይህን ሁሉ ሲል ፊቱ ላይ የሼም ዘር አልነበረም። ቅዳሜ ግሩፑ ከአባላቱ በአንዱ፣ በአናጢው ቤት እንደሚሰበሰብ፣ ጊታሯን ይዞ እንዲመጣ እንደተጋበዘና እሺ እንዳለም ነገራት።

«አንቺም ትመጫለሽ» አላት፣ ውለታ እንደሚውል ሰው። «የድምፅ ማጉያውን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ብሎን አጠገቧ ያገኘችውን ጫማ ወረወረችበት። ሳተችው። መሳቷ ከንቀቱ በላይ አናደዳት።

ክሱ እናታቸው ዘንድ ደረሰ። እናት የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ስለነበረና ባለቤቶቹ ስለሚጠብቋት፣ እግሯን ከመኪናው ሳታነሣ ሁለቱንም ሰማች። ፍርዱን የሰጠችውም ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ነው። አንድ ቤት አይደላችሁም ወይ፣ የሱ ያንቺ፣ ያንቺም የሱ ነው፣ ወንድምና እህት እንደ ባዳ አይካሰስም፣ አለች። ብሎን ነገሩ እንዲያ ከሆነ የራት ሳህኖቹ ለምን የሱም እንደማይሆኑ ጠየቀች። እናቷ መርገጫውን አጥብቃ ረገጠች። መኪናው ብቻ ጮኸ።

ያን ሳምንት ብሎን ንዴቷን እንደ ሽንብራ ጠዋትና ማታ ስትቆረጥመው ሰነበተች። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እሷ በሆዷ ንግግር ትጽፋለች። ሳህን ስታጥብ ንግግሩን ትለማመደዋለች። ዕቅዷ ቀላል ነበር፤ ቅዳሜ አብራው ትሄዳለች፣ ማጉያውንም ትሸከማለች፣ ሰው ሁሉ እስኪሰበሰብ ዝም ትላለች። ቄንጤ መሀል ላይ ቆሞ ደረቱን ሲነፋ፣ ያኔ ትነሣለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የወጣ ሰው ምን እንደሚመስል ለሕዝብ ታሳያለች። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በተለይ ቀሽት ነበር። ሳህኖቹ ሰምተው ጸጥ ብለዋል።

የአናጢው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽታ ነው፤ የኮላና የተላገ እንጨት ሽታ። ወለሉ ሰጋቱራ ለብሷል። መጋዝና መላጊያው ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ተሰልፈው ተሰቅለዋል። መሀል ላይ ያለው ትልቁ የሥራ ጠረጴዛ ተጠርጎ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል፤ ጊታሮቹ እንዳይጫሩ። ሰዎቹ ቆመዋል፣ አንዳንዱ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ጊታሮቻቸው ደግሞ ጉድ ናቸው። ከተማሪ ዴስክ የተሠራች አለች፤ የስድብ ጽሑፉ ሳይፋቅ ጀርባዋ ላይ ቀርቷል። ዓሣ የምትመስልም አለች፤ ሠሪዋ ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው መጋዙ ወስዶት አይታወቅም። ብሎን ማጉያውን እንደታቀፈች ለአፍታ ንዴቷን ረሳችው። እነዚህን ሰዎች ለወራት በወንድሟ ትከሻ ላይ አጮልቃ ነው የምታውቃቸው።

ግሩፑ አንድ ደንብ አለው። ማንም ሰው ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ ከማኖሩ በፊት እንከኗን ይናገራል። ከዚያ ሠሪው ገለል ይላል፤ እንከኗን የሰማ ሌላ ሰው አንስቶ ይጫወትባታል። የራሱን ጊታር የሚጫወት የለም። ደንቡን ያወጣው አናጢው ራሱ ነው፤ ሁሉም ጋሼ ይለዋል፤ እርሳሱ ከጆሮው ላይ ወርዶ አያውቅም። ብሎን ደንቡን ታውቀዋለች፣ በግሩፑ ተጽፎ አንብባዋለች። ቄንጤ የሚያነበው አድናቆት አድናቆቱን ብቻ ነው።

አንድ ታክሲ ነጂ ቀድሞ ተነሣ። የጊታሩ አንገት ትንሽ እንደጠመመ፣ ይህም ወደ ባለቤቷ ሄዶባት እንደሆነ ተናገረ፤ ቤቱ ሳቀ። ባለ ዴስኩ ጊታሩ ሽቦው ላይ እጅ ካልጫኑባት እንደ ንብ መንጋ እንደምትጮህ ተናዘዘ። ተራው ቄንጤ ጋ ደረሰ።

ቄንጤ ጊታሯን ከቦርሳዋ አወጣ። ራስጌው ላይ የነበረው የእንጨት አበባ ብሎን ሳትነካው የተወችው ስለሆነ በጊታሯ ደረት ላይ እንዳበበ አለ። ቤቱ «ኧረ!» አለ። ቄንጤ ኮሌታውን አስተካከለ።

«እንከን…» አለ። «እንከን እንኳ የላትም። በጣም ነው የተጠነቀቅኩባት።»

ሳቅ የለም። ጋሼ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ አየው፣ መልሶ ሰካው።

«ልጄ፣ እንከን የሌላት ጊታር ገና አልተሠራችም» አለ በቀስታ። «ሠሪዋ ደግሞ ከማንም በፊት ያውቀዋል።»

የቄንጤ ጆሮ ቀላ። ብሎን ማጉያውን መሬት አስቀመጠች። ይሄ ነው ሰዓቱ። ንግግሩ በጉሮሮዋ መጥቶ ጥርሷ ላይ ደርሷል።

በሩ ተከፈተና ሲስተር ገባች።

ሲስተርን ግሩፑ በሙሉ ያውቃታል። ነርስ ናት፤ ከተረኝነት መልስ ጊታሯን ትሠራለች፤ መልስ ለሰጣት ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ሳትል አታልፍም። ዛሬ ግን ነጭ ጋውኗን ከሹራቧ ሥር እንደለበሰች፣ ለማንም ሰላም ሳትል፣ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ወደ ጠረጴዛው መጣች። አንሶላውን ፈታችው። ጊታሯ ጠቆር ያለ ቀይ እንጨት ናት፣ ፊቷ መስተዋት ይመስላል።

እንጨቱ የአባቷ ቁም ሣጥን በር እንደነበረ ተናገረች። አባቷ ከሞቱ በኋላ ከቤቱ ለሷ የቀረላት እሱ ነው። ከዚያ ክሩን ባዶውን መታችው፤ ደህና ጮኸ። የጊታሯ አንገት መሀል ላይ ተጭና መታችው። ድምፁ ከቃናው ወጥቶ ወደ ጎን ሸተት አለ። ዝቅ ብላ ስትጫን ባሰበት፤ ባለ ዴስኩ ሳያስበው ፊቱን አጨማደደ።

«ቄንጤ የሚባለው ከመካከላችሁ ማነው?» አለች ሲስተር።

ጊታር እንዳቀፈ የቆመው እሱ ብቻ ስለነበር ማንም መጠቆም አላስፈለገውም።

ሲስተር አልጮኸችም። በሽተኛን እንደምታናግር አድርጋ፣ ቃል በቃል ነገረችው። ድልድዩን፣ ክሮቹ ወደ ታች ወርደው የሚያርፉበትን ብረት፣ የት ልትከል ብላ ጠየቀችው። እሱም የራሱን ጊታር ለክቶ ልኩን ላከላት፤ «ልክ እንደኔ አድርጊው» አላት። እሷም አመነችውና የአባቷን እንጨት በሳችው።

የሌላ ጊታር ልክ ገልብጦ ድልድይ መትከል የሰውን መነጽር ተውሶ እንደ ማድረግ ነው። የያንዳንዱ ጊታር አንገት ርዝመት የየራሱ ነው፤ የሲስተር ጊታር አንገት ደግሞ አጭር ነው፣ ከተሰበረ ትንሽ ጊታር ላይ የወሰደችው። አንድ ጊታር የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ቄንጤ ግን አልሠራም። ሜትር አንስቶ የእህቱን ጊታር ለክቶ ጽፎ ላከ፤ እህቱን ቢጠይቃት አለማወቁ ስለሚታወቅበት አልጠየቃትም።

ብሎን ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባት። ቄንጤም ዞሮ አያት። ዓይኑ ውስጥ ያየችውን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም፤ መውጫ በር የሚፈልግ ሰው ዓይን ነበር። በሩን አገኘው።

«እውነቱን ለመናገር» አለ፣ ጊታሯን ወደ ብሎን እየዘረጋ፣ «የሠራቻት እሷ ናት። እህቴ ናት። እኔ የምጽፍላት ብቻ ነኝ።»

ሁሉም ዞሮ አያት። ሳምንቱን ሙሉ የፈለገችው ይህ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች፣ ይህ ቤት፣ «የሠራቻት እሷ ናት» የሚል ቃል ከሱ አፍ። ሰጣት። እጁን ያቃጠለውን ድስት ለቀረበው ሰው እንደሚያቀብል ሰው ሰጣት።

ያን ሁሉ የተለማመደችውን ንግግር ፈለገችው፤ የለም። በንግግሩ ውስጥ የሲስተር አባት ቁም ሣጥን አልነበረም።

«ታዲያ አንቺ ነሽ?» አለች ሲስተር።

እሱ ነው ብትል፣ ሁለት ልጆች ጥፋት ሲወራወሩ ነው የሚመስለው። እኔ ነኝ ብትል፣ ጊታሯ የሷ ትሆናለች፣ የተበላሸው እንጨትም የሷ ይሆናል። አላውቅም ብላ ወንድሟን ጎትታ መውጣትም ትችላለች። ቄንጤ በዓይኑ ይለምናታል። በቡጢ ልትለው ፈለገች። እጇ ግን ጊታሯን ተቀበለ።

«ጊታሯን የሠራኋት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አደረገችው። «ልኩን የሰጠዎት ግን እሱ ነው። ከኔ ደብቆ። ሰምቼው ቢሆን ጣቱን እሰብርለት ነበር።»

ታክሲ ነጂው ሊስቅ ብሎ ሲስተርን አይቶ ተወው።

«እንከኗስ?» አለ ጋሼ።

ብሎን በጊታሯ አንገት ላይ ከተተከሉት ቀጫጭን የብረት መስመሮች አንዷን፣ ሦስተኛዋን ፍሬት፣ በጣቷ ነካች። «ይህችን ስተክል ተናድጄ ነበር። በመዶሻ አጥብቄ መታኋትና ከሌሎቹ ይልቅ ጠለቀች። እዚህ ጋ ሲጫኗት ክሩ ያንቋርራል። ላወጣት ብሞክር እንጨቱ ይሰነጠቃል ብዬ ተውኳት።»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀና ጊታሯን ከእጇ ወስዶ ብርድ ልብሱ ላይ አኖራት። ብሎን ጊታሯ በራሷ ስም ጠረጴዛው ላይ እንደወጣች ገባት።

ወደ ቄንጤ ዞራ እጇን ዘረጋች። ስልኩን ሰጣት። ቆማ፣ በዝግታ፣ ያን ልክ ማንም እንዳይከተለው፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጊታር አንገት እንዲለካ ጻፈች፤ ክሩ ከሚነሣባት፣ አንገቱ አናት ላይ ካለችው ትንሽ አጥንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት፣ ከዚያም ያንኑ ያህል ወደ ታች። ሌላ መሰርሰሪያ ያነሣ ሰው አሁን የት እንዳለ ማን ያውቃል? ላከችና ስልኩን መለሰችለት። ስለ ጊታሯ ምንም አልጻፈችም፤ ያን ራሱ ይጻፈው።

ሲስተር ጊታሯን አንሶላው ላይ አስተኝታ ከጎኑ ተቀምጣለች። ብሎን ሄዳ ጎንበስ ብላ ቀዳዳዎቹን አየች፣ ሜትር ተቀብላ ለካች። ድልድዩ ወደ ላይ ሁለት ጣት ያህል መሄድ አለበት።

«ይድናል?» አለች ሲስተር።

«ይድናል። ቀዳዳዎቹ በእንጨት ይደፈናሉ፣ ድልድዩ እንደገና ይተከላል።»

«ይታያል?»

ብሎን «አይታይም» ማለት ፈልጋ ነበር። ዛሬ ግን ውሸት ሰልችቷታል። «ይታያል» አለች። «ድልድዩ ሲነሣ ቀዳዳዎቹ ገሃድ ይቀራሉ። የምንደፍንበት እንጨት እንዲህ ቀይ አይሆንም።»

«ቀለም ቢቀባ…» አለ ቄንጤ ከኋላ።

«አንተ ዝም በል» አሉት ሁለቱም አንድ ላይ።

ሲስተር ለጥቂት ጊዜ በእንጨቱ ፊት ላይ መዳፏን አሳረፈች። ከዚያ ወደ ሥራ ልትመለስ ጥቂት ጊዜ እንደቀራት ተናግራ፣ ጋሼ ቢሠራው ይሻል እንደሆን ጠየቀች። ጋሼ ትከሻውን ነቀነቀ፤ እሱ ቢሠራው በርግጥ ይሻላል፣ ጉዳዩ ግን የልጆቹ ነው፣ አለ።

«እኔ እሠራዋለሁ» አለች ብሎን። «አሁን፣ እያዩኝ።»

«ጊታርሽን ሊጫወቱባት ነው እኮ» አላት ባለ ዴስኩ። እውነቱን ነው፤ ታክሲ ነጂው ሽቦውን ማጉያው ላይ እየሰካ ነበር። ሰዎቹ ጠረጴዛውን ከበዋል። ጊታሯ ገና የአልጋ ራስጌ ሳለች ጀምራ የጠበቀችው ይህን ነበር፤ በሌላ ሰው እጅ ምን ብላ እንደምትጮህ መስማት።

ብሎን የሲስተርን ጊታር ይዛ ወደ ጥጉ ሄደች፤ እንጨት ጨምድዶ የሚይዘው ሞርሳ ያለው እዚያ ነው። ጋሼ መሰርሰሪያና ፈዘዝ ያለ ቁራጭ ቀይ እንጨት አቀበላት። መሰርሰሪያው ሲነሣ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ቀዳዳዎቹን አጸዳች፣ አንዱን ከሌላው እኩል አደረገች፣ ሲስተር አጠገቧ ቆማ እጇን ታያለች። አንዴ መሰርሰሪያውን ስታቆም ከኋላዋ የራሷ ጊታር መጣችባት፤ ወፈር ያለ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ። ከዚያ ሦስተኛዋ ፍሬት ላይ አንቋረረች፤ ሰዎቹ በደስታ ሳቁ፤ አንዱ «እሰይ!» አለ። ብሎን አልዞረችም። ከንፈሯ ግን ወደ አንድ ጎን ሄደ። መሰርሰሪያውን መልሳ አስነሣች።

ሲስተር ሰዓቷን አየች። የሚመጣው ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት እንደምትመጣ ተናግራ፣ አንሶላውን አጥፋ ትታላት ወጣች። እግዜር ይስጥልኝ አላለችም። ብሎንም ምስጋናውን አልጠበቀችም።

የቤቱ ሰው እየሳሳ ሄደ። ቄንጤ የብሎንን ጊታር ቦርሳው ውስጥ ከቶ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ስላደረገው ነገር የሆነ ነገር ለማለት ሁለት ሦስቴ ጀምሮ ተወው፤ ከዚያ የሚቀለውን አለ።

«እንሂድ? እናቴ ትጠብቃለች።»

«ኮላው አልያዘም። አንተ ሂድ።»

«ለእናቴ ምን ልበላት?»

ብሎን የተላገውን እንጨት ኮላ ውስጥ ነከረች፣ ቀዳዳው ላይ አቆመችው፣ በመዶሻው በቀስታ ነካ ነካ አደረገችው፤ ንዴቷ ገና ስላልወጣላት በጣም በቀስታ። ገጥሞ ገባ።

«ያደረግከውን» አለችው፤ ቀና ሳትል የሚቀጥለውን ቀዳዳ ፈለገች።